ለምን የሚሆን ውኃ?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዕድሜያቸውን በወንዝና በሐይቅ ዳር የውኃ ከፍታ ሲለኩና ሲያስለኩ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የሃይድሮሎጂ ቴክኒሻን ናቸው። ሌላዋ የእኅታቸው ልጅ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ሰው እየሰበሰበች ታስጎበኛለች። ጊዜው ጳጉሜን ነው። የመስቀል ሰሞን ጉዞ ማስታወቂያ ልታወጣ ስለሆነ ምክር ፈልጋ ቤታቸው መጥታለች።

እሷ፦ ጋሼ፣ አራት ቦታ ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳና አዋሽ ፓርክ። የትኛው ውኃ ጥሩ እንደሆነ ይንገሩኝና ማስታወቂያውን ነገ ላውጣው።

ጋሼ፦ ለምን የሚሆን?

እሷ፦ እንዴት ለምን?

ጋሼ፦ ለዋና? ለጀልባ? ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ለመብላት? በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰው «ውኃው እንዴት ነው?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። ጫሞን ውሰጂ። ቦታውን ከሚያውቅ ባለ ጀልባ ጋር፣ ከዳሩ ራቅ ብለሽ፣ ኩልፎ ወንዝ ከሚገባበት አጠገብ «የአዞ ገበያ» የሚሉትን ብታዪ ዕድሜ ልክሽን የምታወሪው ነው። እዚያው ወርደሽ እጄን ልታጠብ ብለሽ ብታጎነብሺ ደግሞ የሚያወራልሽ ሌላ ሰው ነው። ውኃው አንድ ነው፤ የተለወጠው አንቺ ልታደርጊበት ያሰብሽው ነገር ነው።

እሷ፦ እሺ፣ ለዋና። ሰዉ የሚከፍለኝ ለዋና ነው።

ጋሼ፦ ሰዉስ ማን ማን ነው?

እሷ፦ አንድ አውቶቡስ ይሞላሉ። የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፣ ወጣቶች ይበዛሉ፤ ልጆች ይዘው የሚመጡ ሁለት ሦስት ቤተሰቦችም አሉ።

ጋሼ፦ ዋና ይችላሉ?

እሷ፦ ሲመዘገቡ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ «አዎ» ይላሉ።

ጋሼ፦ እንደዚያ ተጠይቆ ማን «አልችልም» ይላል? የሆቴል ገንዳ ጠርዝ ይዞ የተንቦጫረቀ ሁሉ ዋናተኛ ነኝ ባይ ነው። ጥያቄውን ቀይሪው። «እግርህ መሬት ሳይነካ 25 ሜትር ትዋኛለህ? ከዚያ በጀርባህ ተንሳፈህ ሁለት ደቂቃ ትቆያለህ?» በዪ። እውነቱ ያኔ ይወጣል። ሐይቅ ጠርዝ የለውም፤ ሲደክምሽ የምትይዢው ነገር አታገኚም። «አልችልም» ያሉትን ላይፍ ጃኬት ታለብሻቸዋለሽ፤ አላልኩም የሚል ጭቅጭቅ አይኖርም።

እሷ፦ እንግዲያው ቢሾፍቱ ይሻላል። ቅርብ ነው፣ ውኃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ማዕበል የሚባል አያውቅም።

ጋሼ፦ ቀኑን አይተሻል? ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ከተማው ያን ሁሉ እንግዳ ሲቀበል አውቶቡስሽን የት ልታቆሚ ነው? እሱን እንተወው። እኔን የሚያሠጋኝ ያ የወደድሽው ሰማያዊነቱ ነው። ቢሾፍቱም፣ ሆራም፣ ባቦጋያም እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ሐይቆች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን 80 ሜትር ያልፋል። ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ያ ሁሉ ጥልቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ እንዴት ገባ? ዳሩ ገደል ስለሆነ ነው። ከላይ የምታዪው ቁልቁለት ውኃው ውስጥም ይቀጥላል። እስከ ወገብሽ ገብተሽ አንድ እርምጃ ብትጨምሪ እግርሽ መሬት ያጣል። ዋና የማይችል ሰው መቼም እስከ መሐል አይሄድም፤ የሚሰጥመው እዚያችው ዳር ላይ ነው።

እሷ፦ ዳሩ ገደል መሆኑን በዓይኔ እንዴት አውቃለሁ?

ጋሼ፦ ፊትሽን ከውኃው አዙሪና ከጀርባሽ ያለውን መሬት እዪ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውኃው ሥርም ሜዳ ነው፤ ግድግዳ ከሆነ ግድግዳው ወደ ታች ይወርዳል። ወንጪም ያው ነው፤ እዚያ ላይ ብርዱ ይጨመርበታል። ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ድንገት ስትገቢ ሳትፈልጊ በኃይል ትንፋሽ ትስቢያለሽ። ያን ጊዜ አፍሽ ውኃ ውስጥ ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛ መሆንሽ አያድንሽም። ወንጪን በፈረስና በጀልባ እዩት፣ ይበቃል።

እሷ፦ ገና ሰሞን ደግሞ የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር የሞተ ዓሣ ይታያል ይባላል። መርዝ ነው የሚሉ አሉ።

ጋሼ፦ ሰው መርዝ ሳይጨምርበትም ይሆናል። ከሕዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ያለ፣ ብርዳም ነው። የላይኛው ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ከሥር ኦክስጅን አጥቶ የከረመው ውኃ በምትኩ ይወጣና ዓሣውን ያፍነዋል። ይህ የተጠና ነገር ነው። ግን አንቺ ዳር ላይ ቆመሽ ዓሣው በምን እንደሞተ ልትለዪ አትችዪም። የሞተ ዓሣ ባየሽበት ቀን አትገቢም፣ ዓሣውንም አትበዪም። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ቆቃ ላይም ሆነ ሌላ ቦታ አረንጓዴ ዝቃጭ ተንሳፎ ብታዪ እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ መርዝ አለው፤ ውኃውን ማፍላት እንኳ መርዙን አያጠፋውም።

እሷ፦ ላንጋኖስ? እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደውም። ቀለሙ ማኪያቶ ነው። ሰዎቼ ገና ሲያዩት «ይሄ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምንገባው?» ይሉኛል።

ጋሼ፦ እኔ ግን ከአራቱ የምመርጥላቸው እሱን ነው። ቡናማነቱ ከቆሻሻ የመጣ አይደለም። እጅግ የደቀቀ አፈር ሳይዘቅጥ ተንሳፎ ስለሚኖር ነው። ውኃው ሶዳ የበዛበት ነው፤ ከትልልቆቹ ሐይቆቻችን መካከል ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ተብሎ ሰው ለረጅም ዘመን ሲዋኝበት የኖረው ላንጋኖ ነው። መዝናኛዎቹ ባሉበት በኩልም ዳሩ አሸዋማ ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ራቅ ባሉት ዳሮች ግን ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል ሰው ከሚዋኝበት ቦታ አትውጡ።

እሷ፦ ታዲያ ምንም ችግር የለበትም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ኧረ አለበት! እጅሽን እስከ ክርንሽ ብትነክሪ ጣትሽን አታዪም። ሕፃን ልጅ ቢሰጥም አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመሽ የት እንደገባ አታውቂም። ቢሾፍቱ ዓይንሽ ይረዳሻል፣ እግርሽ ይከዳሻል፤ ላንጋኖ እግርሽ ይረዳሻል፣ ዓይንሽ ይከዳሻል። ስለዚህ ላንጋኖ ላይ ለእያንዳንዱ ሕፃን በእጁ ሊደርስበት የሚችል አንድ ትልቅ ሰው ይመደባል። ከዚያ ሌላ ውኃው ውስጥ የማይገባ፣ ቢራ የማይቀምስ፣ ስልኩን ኪሱ የከተተ አንድ ሰው ዳር ቆሞ ጭንቅላት ይቆጥራል። ሰው ሲሰጥም እንደ ፊልሙ አይጮኽም፤ ለመጮኽ ትንፋሽ የለውም። ጩኸት የሚጠብቅ ጠባቂ እንዳልተቀመጠ ቁጠሪው።

እሷ፦ በጠዋት ተነሥተን፣ ቁርስ መንገድ ላይ በልተን፣ ምሳ ሰዓት እንደርሳለን። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይዋኛሉ።

ጋሼ፦ ልክ ነፋሱ ሊነሣ ሲል ማለት ነው።

እሷ፦ ነፋስ ሰዓት አለው?

ጋሼ፦ ሐይቅ ላይ አለው። ባሕር ዳር ወደብ ሄደሽ ባለ ጀልባዎቹን ጠይቂ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄደውን ሰው በጠዋት ነው የሚጭኑት። ፀሐይ ከውኃው ቀድማ የብሱን ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በቦታው ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር ወደ ዳር ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ባሕር ዳር በደቡብ ጫፍ ስላለች ከሰሜን የመጣ ነፋስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ገላጣ ውኃ ላይ ማዕበል እየሰበሰበ ነው የሚደርስባት። ጣና ደግሞ ጥልቀት የለውም ብዬሻለሁ። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውኃ ላይ ማዕበሉ እየተቀራረበና ቀጥ እያለ ይመጣል፤ አንዱን አልፈሽ ሳትተነፍሺ ሁለተኛው ጀልባሽን ይመታል። መንገደኛ የሚሳሳተው በመልሱ ነው። ጠዋት ሲሄድ መስታወት የመሰለ ውኃ አይቷል፤ ያንኑ ውኃ የሚመለስበት ይመስለዋል። ገዳሙ ውስጥ ሥዕል ሲያይ፣ ቡና ሲጠጣ ቆይቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነሣ የሚጠብቀው ሌላ ሐይቅ ነው።

እሷ፦ ላንጋኖም እንደዚያ ነው?

ጋሼ፦ ስፋቱ ከጣና አይወዳደርም እንጂ ከሰዓት ነፋሱ እዚያም አለ። የማዕበሉ አናት ነጭ አረፋ መርጨት ከጀመረ የቀዘፋ ጀልባም፣ ዋናተኛም ወደ ዳር ይውጣ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቅ በሚነፍስበት ቀን ደግሞ ዳሩ ጸጥ ስለሚል ሰው ይዘናጋል፤ የተነፋ ጎማ ላይ ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ ልጅ ቀስ እያለ ወደ መሐል ይሄዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ሲባል የሰማሽው ያ ነው። ነጎድጓድ ከሰማሽ ጊዜ አታጥፊ፤ ሁሉም ሰው ይውጣ። በመስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ገና አይታመንም።

እሷ፦ ሐዋሳን ግን አይንኩብኝ። ሰዉ በጣም ይወደዋል።

ጋሼ፦ እኔም እወደዋለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ብሉ፣ ፍቅር ሐይቅ በእግር ተንሸራሸሩ፣ በጀልባ ጉማሬ እዩ። አትዋኙ።

እሷ፦ የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ እናያለን እኮ!

ጋሼ፦ ልጆቹስ ስለሚዋኙ ከበሽታ ነጻ ናቸው ያለሽ ማን ነው? የቢልሃርዝያ ትል ኑሮው በሁለት ቤት ነው፤ በሰውና በቀንድ አውጣ። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውኃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣና የሰው ቆዳ ይበሳል። ደቂቃዎች ይበቁታል። እጩ በብዛት የሚወጣው ብርሃንና ሙቀት ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ቀንድ አውጣው የሚወደው ጸጥ ያለ፣ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ነው። የአንቺ ሰዎች የት፣ መቼ ነው መግባት የሚወዱት?

እሷ፦ ጸጥ ያለ ዳር። እኩለ ቀን።

ጋሼ፦ አየሽ! ደግሞ መንገደኛ ወደ ውኃ የሚወርደው በተረገጠ መንገድ ነው። የተረገጠ መንገድ ማለት ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት፣ ልብስ የሚያጥብበት፣ ከብት የሚያጠጣበት ማለት ነው። የትሉ ዑደት የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ነገር ያገኙት ልብስ ማጠቢያ ቦታ በማየት አልነበር? እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አዩ። ከላይ ግን በሕይወት ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል፤ እሳቸው ዳሩ ላይ የወደቀውን ተመለከቱ። እኔ ለሠልጣኞቼ ይህን ታሪክ የምነግራቸው ስለ እንዶድ ለማስተማር አልነበረም። ውኃ ስትመረምር መጀመሪያ ዳሩን እይ፣ ማን ምን እንደሚያደርግበት እይ ለማለት ነው።

እሷ፦ የገባ ሰው ምን ያድርግ?

ጋሼ፦ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ በምርመራ ላይታይ ይችላል። መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል። በሐዋሳ ላይ ሌላም አለ። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። የትም ሐይቅ ብትሄዱ ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ከተማ አጠገብና ወንዝ መግቢያ አጠገብ አትግቡ፤ የከተማው ጎርፍ ያጠበው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ጉማሬውን በተመለከተ፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። በደንገሉ ውስጥ የተጠረገ መተላለፊያ ካየሽ ድንኳን አትትከዪበት። በእሱና በውኃው መካከል መቆም ማለት ነው።

እሷ፦ እንግዲህ የቀረኝ አዋሽ ነው። ፏፏቴውን እናያለን፣ ከዚያ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ካምፕ።

ጋሼ፦ ፏፏቴውን ከላይ እዩ። ወንዙ አዞ አለበት፤ ስለ ዋና አታንሺብኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጋምቤላ ላይ ባሮ ወንዝ ውስጥ የገባ አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ ወጣት አዞ በልቶታል። የባሮ ታሪክ ከአዋሽ ጋር ምን አገናኘው ትዪኝ ይሆናል። ቦታው ላይ ያሉ ሰዎች አትግባ ካሉ አዞ ያለበት ወንዝ ሁሉ አንድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን አሸዋው ነው።

እሷ፦ አሸዋው? ደረቅ እኮ ነው!

ጋሼ፦ ደረቅ ያደረገው ማን ነው? ማን አመጣው? ሐይቅን ዳር ቆመሽ ልታዪው ትችያለሽ። ወንዝን ዳር ቆመሽ አታዪውም፤ በፊትሽ የሚያልፈው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰዓት የዘነበ ዝናብ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ የሆነውን ታስታውሻለሽ? ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ ደጋው ላይ ዘነበ፣ ውኃው ሌሊት ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ደራሽ ውኃ የሚባለው ይህ ነው፤ ከራስሽ በላይ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶት ሊመጣ ይችላል። አሸዋው ለጥ ያለ፣ ለጀርባ የሚመች የሆነው ውኃው በየጊዜው እየመጣ ስለሚደለድለው ነው። ድንኳንሽን ከቆሻሻው መሥመር በላይ ትከዪ። ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ፣ ፌስታልና ቅርንጫፍ ታዪ የለም? ያ ነው ወንዙ ባለፈው የደረሰበት።

እሷ፦ ወንዙ እየሞላ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? መንገድ ላይ የምንሻገራቸው ትንንሽ ወንዞች አሉ።

ጋሼ፦ እኛ የብረት መለኪያ እንተክላለን። አንቺ ድንጋይ ይበቃሻል። ገና ስትደርሺ ውኃው ልክ የሚያልቅበት ላይ ድንጋይ አስቀምጪ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ተመልሰሽ እዪ። ድንጋዩ ውኃ ውስጥ ከገባ መሻገሩን እርሺው። ጠርቶ የነበረው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ከጀመረ፣ ድምፁ ከወፈረ፣ ከላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይሉ የለ? ግንድ የያዘ ወንዝ ዳሩን እየቦረቦረ የመጣ ነው፤ አንቺንም ከግንዱ ጋር ያጋጭሻል።

ከዚያ ፍጥነቱን እዪ። ጭራሮ ጣይና አብረሽው ዳር ዳሩን ሂጂ። በተለመደው እርምጃሽ ካልደረስሽበት በእግር አትግቢ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋሽ ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ሰው ይህን በዓይኑ ሊገምተው አይችልም። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። አውቶቡስማ ከባድ ነው ትይኛለሽ፤ ውኃው ግን አውቶቡሱን ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ ሥሩ ያለውን መንገድ ነው። ሾፌሩ «ባለፈው ሳምንት አልፌዋለሁ» ካለሽ፣ ያለፈው ሳምንት ወንዝ አሁን ሱዳን ነው በዪው።

እሷ፦ አዋሽ ሱዳን አይሄድም ጋሼ።

ጋሼ፦ ደግ አረምሽኝ። አዋሽ ባሕርም አይደርስም፤ አፋር ላይ ይቀራል። ቁም ነገሩ አልተለወጠም።

እሷ፦ ቢወስደንስ?

ጋሼ፦ በጀርባሽ ተኚ፣ እግርሽን ወንዙ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ቀድመሽ ላኪ፣ ድንጋዩን እግርሽ ይቀበለው። ለመቆም አትሞክሪ፤ እግርሽ በድንጋይ መካከል ከተያዘ ውኃው ራስሽን ይደፋዋል። ወደ ዳር ሰያፍ እያልሽ ዋኚ። የወደቀ ዛፍ ካየሽ በምንም መንገድ ራቂው፤ ውኃው በቅርንጫፉ መካከል ያልፋል፣ አንቺ ግን አታልፊም።

እሷ፦ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ከመሄዱ በፊት ስልኩን ነው የሚያየው። ሊትል ፎልስ ላይ ያለው መለኪያ በየ15 ደቂቃው ቁጥር ይልካል። እኛ እንደዚያ ቢኖረን አልደክምዎትም ነበር።

ጋሼ፦ ያስቀናል፣ አልዋሽሽም። እኛ ዘንድ በብዙ ጣቢያ ተመልካቹ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር በዓይኑ አይቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ደራሽ ውኃ በሁለቱ መካከል መጥቶ ቢያልፍ መዝገቡ ላይ አይታይም። ተመልካቹን ብትጠይቂው ግን ይነግርሻል፤ «ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ደርሶ ነበር» ብሎ በእጁ ያሳይሻል። መዝገቡን ብቻ የሚያምን ቢሮ ያጣው ያንን ነው። ወንድምሽንም ጠይቂው፣ ቁጥሩ እያለ እዚያ ወንዝ ላይ ሰው አይሞትም ወይ?

እሷ፦ ይሞታል። በግሬት ፎልስ ገደል ውስጥ መዋኘት እንኳ ክልክል ነው። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው በጀልባ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ባሉ ሰዎች ነው አሉ፤ ፎቶ ለመነሣት ድንጋይ ላይ የወጣ፣ እግሩን ልነክር ያለ።

ጋሼ፦ እነሱ ቁጥሩን ለምን ያዩታል? ወንዝ ልገባ ነው ብለው አላሰቡማ! ባለ ጀልባው ወንዙን ያስባል፣ ድንጋይ ላይ የወጣው ፎቶውን ነው የሚያስበው። እ.ኤ.አ. በ1968 እነ ብላሽፎርድ ስኔል የሚባሉ እንግሊዛውያን አሳሾች ዐባይን በጀልባ ሲወርዱ ሆን ብለው የመረጡት የክረምቱን ማብቂያ ነበር። ለጀልባቸው ውኃ መብዛቱ ይሻላቸው ነበር፤ አለዚያ ድንጋዩ ላይ ይቀራሉ። ለእነሱ ሥራ ሙሉ ወንዝ ጥሩ ወንዝ ነው። ያም ሆኖ አንድ ሰው ሞተባቸው፤ የሞተው ግን ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው። ትልቁን ውኃ ሰው ተዘጋጅቶ ይገባበታል፤ ትንሹን ማን ይዘጋጅለታል?

እሷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን እዚያ ስደርስ ሰዉ ከፍሏል፣ አውቶቡሱ ተከፍሏል፣ የዋና ልብስ ለብሰው ዳር ቆመዋል። «ነፋስ ተነሥቷል» ብል ማን ይሰማኛል? ገንዘባችንን መልሺ ነው የሚሉኝ።

ጋሼ፦ አሁን ዋናው ላይ መጣሽ። እኔ እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ነው። ውኃ ማየት ይለመዳል። ኪስሽ ውስጥ ያለውን የሰው ብር ይዘሽ ውኃ ማየት ግን አይለመድም፤ ነጩ አረፋ «ትንሽ ነው»፣ የሰጠመው ድንጋይ «ብዙም አይደል» ይሆናል። ስለዚህ ውሳኔው ዳር ላይ አይሰጥም። ዛሬ፣ እዚህ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ትወስኛለሽ። ማዕበሉ ነጭ ካወጣ ዋና የለም። ነጎድጓድ ከተሰማ የለም። የሞተ ዓሣ ካለ የለም። ላይፍ ጃኬት ካነሰ የለም። ጻፊው፣ ማስታወቂያው ላይ አውጪው። ያኔ ዳር ላይ ስትከለክዪ የከለከልሻቸው አንቺ አትሆኚም፤ ፈርመው የመጡበት ወረቀት ነው።

እሷ፦ ማን ይመዘገባል እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይቶ?

ጋሼ፦ ዋናን አትሽጪ፤ ጉዞውን ሽጪ። ዓሣው፣ አብያታ ያሉት ወፎች፣ ማታ እሳት ዳር ጨዋታው፣ እነዚህ ነፋስ ቢነሣም አይቀሩም። ዋና «ውኃው ከፈቀደ» ተብሎ ይጨመር፤ ዋጋ አይሰላበት።

እሷ፦ በጠዋት እንዲዋኙ ከተባለ ደግሞ ማደር አለባቸው። የአዳር ዋጋ ሲጨመር ሌሎቹ በግማሽ ዋጋ ደርሶ መልስ ይወስዷቸዋል።

ጋሼ፦ ይውሰዷቸዋ! ሰባት ሰዓት ላይ አድርሰው ነፋስ ውስጥ ይክተቷቸው። አንቺ ቅዳሜ ከሰዓት አድርሰሽ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ታዋኛለሽ። ወንድ ልጅ ሁሉ ጎበዝ ነኝ የሚለው ከምሳና ከቢራ በኋላ ነው፤ ጠዋት ሁሉም ትሑት ነው። ያም አንድ ጥቅም ነው።

እሷ፦ «አቁሙ» የሚለው ሰውስ እኔ ልሁን?

ጋሼ፦ አይደለም። ገንዘቡን የያዘ ሰው አይሁን። ብሩ የማያሳስበው፣ ውኃውን የሚያውቅ ሰው ቅጠሪ፤ እዚያው ሐይቅ ዳር ያደገ፣ ነፋሱን የለመደ። አበሉን ቀድመሽ ክፈዪው፣ ዋና ኖረም አልኖረም ያው እንዲሆን።

እሷ፦ እርስዎ ለምን አይመጡም?

ጋሼ፦ እኔ ከመጣሁ ማንም አይዋኝም። ይልቅ ጻፊ።

እሷ፦ እየጻፍኩ ነው። «ላንጋኖ፣ አንድ አዳር። ውኃው ከፈቀደ በጠዋት ዋና።» ከሥሩ አራቱን ክልከላዎች። ሌላስ?

ጋሼ፦ ነገ መዝናኛው ደውዪና ላይፍ ጃኬት ስንት እንዳለ ጠይቂ። «አለ» ብቻ ካሉሽ አትቀበዪ፤ ቁጥሩን ይንገሩሽ። የሕፃናቱንም ለብቻ ጠይቂ፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ለሕፃን ሲያለብሱት በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

እሷ፦ ከሌላቸውስ?

ጋሼ፦ እንግዲህ ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ ትከራያለሽ። ዋጋው ላይ ጨምሪው።

እሷ፦ ደግሞ ጨምሪው!